ቀይ ጥልፍ ያለው ፎጣ

ናዝቦ ታላቅ ወንድሟ ታናሹን ሲሸጥ የሰማችው ባልዲ እየሞላች ሳለ ነው። ልያሪ በሚባለው ሰፈራቸው የቧንቧ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ፣ ያውም ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ ከቆርቆሮው መከለያ ኋላ ቁጢጥ ብላ ቱቦውን ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ታዛውር ነበር። ዲልሙራድ ወደ ጣሪያው በሚያወጣው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። እሷ እዚያ መኖሯን አላወቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎታል፤ ግን ከቡጢ ዘመኑ ወዲህ ምላሱ ስለሚከብደው ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ ነው የሚያወጣቸው፣ አንዱም አላመለጣት። «አዎ ዋጃ፣ የግራ ጎኑ ነው። አዎ። ሦስተኛው ዙር ላይ ፎጣውን እወረውራለሁ። ከሦስተኛው አያልፍም።» ዝም ብሎ አዳመጠ። «እርስዎ እንዳሉት ዋጃ። ቃሌ ነው፣ ሦስተኛው።» ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። በዚያ ቤት ውሃ ሲፈስ ዝም የሚል ሰው የለምና ዲልሙራድ አንገቱን አዙሮ «ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ውሃው እየፈሰሰ ነው።»

«አየሁት» አለችና ቱቦውን አዛወረች።

የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ታናሻቸው ቢጃር ከማሊር ሰፈሩ ሻህዳድ ጋር ስድስት ዙር ሊጋጠም ነው። ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፀጉር ቆራጩም፣ ዓሣ ጠባሹም፣ የአህያ ጋሪ ነጂዎቹም ተወራርደዋል፤ ማን ያሸንፋል ብለው ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ዙር ያልቃል ብለውም ጭምር ነው የሚያስይዙት። ውርርዱን የሚሰበስበው ካሪምዳድ ነው። ዋጃ፣ ማለትም ጌታው፣ የሚለውን መጠሪያ መጀመሪያ ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤ ዛሬ ግን ያለዚያ የሚጠራው ሰው ልያሪ ውስጥ አልተገኘም። ቢጃር በሃያ ሁለት ዓመቱ ይህን ግጥሚያ ካሸነፈ፣ ወይም እስከ መጨረሻው ደወል በእግሩ ከቆመ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን የሚመጣ ሰው አይቶት በወር ደመወዝ ሊያስቀጥረው ይችላል። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ከቤቱ ውጭ ማንም የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ከአሥር ቀን በፊት ልምምድ ላይ በግራ በኩል አንድ የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል።

ፎጣውን የጠለፈችው ናዝቦ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አሠልጣኝ «በቃ» ብሎ ጮኋል፣ አልጮኸም በሚል ጠብ ሁለት ሰው በጩቤ ስለተገደለ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደንብ አውጥተው ነበር፤ ግጥሚያን የሚያስቆመው የዳኛው ቆጠራ ወይም ፎጣ ብቻ ነው። ጩኸት አይሠራም፣ እጅ ማውለብለብም አይሠራም። ፎጣው ደግሞ ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ አይደለም። ከሕዝቡ መሃል ማንም እየተነሳ ፎጣ ወርውሮ ውርርድ እንዳያበላሽ፣ የቡጢኛው ቤት ሴቶች በእጃቸው የጠለፉበት መሆን አለበት። የሴት ጥልፍ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ሰፈሩ አይቶ የማን እንደሆነ ይናገራል። የናዝቦ ፎጣ ጠርዙ ዙሪያውን ቀይ ነው፤ በቀዩ ላይ ደግሞ እንደ ጉንዳን መንገድ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረው። ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል። ነጭ ሽንኩርት ልጣ ስትጨርስ፣ ጣቶቿ ገና እየተቃጠሉ፣ ትጠልፍ ነበር።

ለቁርስ ሦስቱም አንዷ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ከግድግዳው ላይ አባታቸው የቡጢ ቀበቶ ታጥቆ ያያቸዋል፤ ጥግ ላይ ናዝቦ ለነጋዴ በኪሎ አሥራ አምስት ሩፒ የምትልጠው የነጭ ሽንኩርት ጆንያ አለ። ከጆንያው አጠገብ የቆመው ማቀዝቀዣ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልብስ ያስቀምጡበታል፣ ፎጣውም እዚያው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ማቀዝቀዣው ወደዚህ ቤት የገባበትን ቀን ማንም አያነሳውም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ዲልሙራድ ስምንት ዙር ሲዋጋ አባታቸው ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ጥጉ ላይ ቆሞ ነበር። ልጄ እስከ ስምንተኛው ደወል ይቆማል ብሎም አስይዞ ነበር። ልጁም ቆመ። በሳምንቱ ማቀዝቀዣው በአህያ ጋሪ መጣ፣ ዲልሙራድ ግን ከአልጋ የተነሳው በወሩ ነው። አሁን ሻዩን ወደ ማስቀመጫ ሳህኑ ገልብጦ፣ የሚንቀጠቀጠውን የግራ አንጓውን በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ እንደ ሕፃን አጎንብሶ ይጠጣል።

«ፓራታ ቂጣ ስልሳ ገብቷል» አለ ዲልሙራድ።

«ሃምሳ አልነበር?» አለ ቢጃር። «ሻጩ ደግሞ ካሸነፍክ ለአንድ ወር በነፃ አበላሃለሁ ብሎኛል።»

«ያ ቋጣሪ? እናቱ ብትሞት ለቀስተኛውን ሻይ ያስከፍላል።»

ቢጃር ሊስቅ ሲል ጎኑን ያዘ። ናዝቦ ዲልሙራድን አየችው። እሱ ሳቁንም ሕመሙንም ያላየ መስሎ ፓራታውን ይቆርሳል። ሦስተኛው፣ አለች በልቧ፣ ቁራሹን ወደ አፉ ሲወስድ፤ ሦስተኛው። ውጭ አንድ አህያ ጋሪ አልፎ ሄደ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፈተ፣ ናዝቦም የቢጃርን ሸሚዝ ገልጣ ሌሊቱን ጎኑ ላይ ያደረውን የእርድና የኖራ ልጥፍ ትፍቅ ጀመር። አሥር ሌሊት ሙሉ እንዲህ ለጥፋለታለች። እብጠቱ ጎድሏል፤ ቆዳው ግን የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

«ያን እርድ በሎሚ አጥቢለት» አለ ዲልሙራድ ጫማውን እያሰረ። «ምልክት እንዳያዩበት።»

«አልለቅ ብሏል።»

«ደግመሽ እሺው።»

ለወንድሙ ያዘነ መሳይ፣ ብላ አሰበች። ደግማ አሸችው። ቢጃር ጥርሱን ነከሰ፤ ቢጫው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ዲልሙራድ ጓንቶቹንና ፋሻውን በከረጢት ይዞ ወደ ሜዳው ሄደ። ፎጣውን ቢጃር ራሱ ይዞ እንዲመጣ ነግሮት ነው የወጣው።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ነጭ ሽንኩርት ላጠች። መብራት ሄደ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ክፍሉ በነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ታፈነ። ቢጃር በገመድ አልጋው ላይ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ግድግዳውን ያያል። ብትናገር ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጁ በገዛ ወንድሙ እጅ ተሸንፎ፣ መልማዩ ሰውዬ ጀርባውን አዙሮ ሲሄድ ታየዋለች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን እጅህን እንዳታነሳ።»

«በማን ላይ ነው የማነሳው እትዬ?»

ነገረችው። የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ቃላቱንም እንደ ዲልሙራድ እየጎተተች። ቢጃር አልተነሳም። «ሦስተኛ አለ?» አላት። «ሦስተኛ» አለችው። «ለካሪምዳድ?» «ዋጃ ነው ያለው። ሌላ ማን አለ።» ከዚያ ተነሳ። ጠዋት ቁጢጥ ብላ የሞላችውን ባልዲ በእርግጫ መታው፤ ውሃው በጆንያው ሥር እስከ በሩ ሄደ። የዲልሙራድን ማስቀመጫ ሳህን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። የማቀዝቀዣውን በር ገንጥሎ ልብሱን መሬት ላይ እየዘረገፈ ፎጣውን አወጣና በጥርሱ ሊቀደው ነከሰው። ናዝቦ ከሌላው ጫፍ ያዘችው። «ሁለት ሳምንት ነው የጠለፍኩት» አለችው። ሊያላቅቃት በክርኑ ገፋት፤ መምታቱ አልነበረም፣ ግን የቡጢኛ ክርን ነውና ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደሙ አገጯ ላይ ሲወርድ ሲያይ ፎጣውን ለቀቀውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ ከግራ በኩል እየተቆረጠ ይወጣል።

«አንቺ ያዢው» አለ። «እሱ እጅ እንዳይገባ። እስከ ስድስተኛው ደወል እንዳትለቂው። ማይልኝ።»

«አጥንትህስ?»

«አጥንቱ የኔ ነው። በአባባ መቃብር ማይልኝ።»

በአባቷ መቃብር ማለች፣ ከንፈሯን በሻሿ ጫፍ ይዛ። ከዚያ ሁለቱም ተጎንብሰው የሳህኑን ስባሪ ለቀሙ።

ሴቶቹ ግጥሚያ የሚያዩት ከእማማ ሃዋ ጣሪያ ላይ ነው። ቤቱ ከሜዳው ግንብ ጋር ተያይዞ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሲታይ መድረኩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፣ የቢጃር ጥግም በዚያው በኩል ነው። ናዝቦ ስትደርስ ጣሪያው ሞልቶ ነበር። እማማ ሃዋ እርግቦቿን ወደ ጎጇቸው ከታ፣ በእርግብ ኩስ ላይ ጆንያ አንጥፋ፣ የሐብሐብ ፍሬ በወረቀት እየጠቀለለች በአሥር ሩፒ ትሸጣለች። ናዝቦ ፎጣውን ከሻሿ ሥር፣ ከሆዷ ጋር አስጠግታ ይዛዋለች።

«ምነው ከንፈርሽ?» አለቻት እማማ ሃዋ።

«ባልዲ ነው።»

«ባልዲም ቡጢ ጀመረ? አንድ ለስንት ነው የሚያስይዙለት?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ናዝቦም የሳቀች መሰለች። ታች ዋጃ ካሪምዳድ ጃንጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ነጭ ልብስ፣ ነጭ ጺም፣ ጉልበቱ ላይ የተኛ መቁጠሪያ። ውርርድ ተቀባይ ሰዎቹ በተመልካቹ መቀመጫ ደረጃዎች መሃል እየዞሩ የዙሩን ቁጥር በጣታቸው እያነሱ ይጮሃሉ፤ አራት ጣት፣ አምስት ጣት። ሻይ የሚጠጣ አንድ ፖሊስ ጀርባውን ሰጥቷቸው ባሕሩን ያያል። ከቢጃር በፊት በነበረው ግጥሚያ አንድ የዓሣ ወደብ ልጅ ሁለተኛው ዙር ላይ አፍንጫው ተሰብሮ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። አጎቱ ፎጣው ከጥጉ ምሰሶ ላይ ወድቆ ስለጠፋው ዝም ብሎ ወደ መድረኩ ዘሎ ገባና ልጁን አቀፈ። ዳኛው አላስቆመም። ከደረጃው አምስት ስድስት ሰው ወርዶ አጎትየውን በእግሩ ጎትቶ አወጣው፤ በወንበር መቱት፣ በወደቀበት ረገጡት፣ አንዱ «አራተኛ ነው ያስያዝኩት፣ አራተኛ» እያለ ጭንቅላቱን ከሲሚንቶው ጋር ያጋጨው ነበር። ተሸክመው ሲያወጡት አንድ ጫማው መድረኩ ላይ ቀርቶ ነበር። ዳኛው በእግሩ ገፋ አደረገውና ግጥሚያውን አስቀጠለ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለች አንዲት ሴት፣ የሐብሐብ ፍሬ እየተፋች።

ቢጃር ሲገባ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ካባውን ሲያወልቅ ጩኸቱ ትንሽ ተቆረጠ፤ ወበቁና ላቡ ጠዋት የደበዘዘውን አውጥተውታል። ከግራ ብብቱ በታች የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ቢጫው ቦግ ብሎ ይታይ ነበር፣ ከጣሪያው ላይ እንኳ። እርድ ምን ላይ እንደሚለጠፍ የማያውቅ ልያሪ ውስጥ የለም። ናዝቦ የገዛ መዳፏን አየች። የሻህዳድ አሠልጣኝ በልጁ ጆሮ አንድ ነገር ነገረውና በጣቱ የራሱን ጎን ነካ አደረገ። ሻህዳድ ግንባሩ አጭር፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተያያዘ ልጅ ነው።

«ይሄ የማሊር በሬ ምን ቢያበሉት ነው እንዲህ የሆነው?» አለች እማማ ሃዋ።

ዳኛው ፎጣዎቹን ሊያይ መጣ። የሻህዳድ ፎጣ ሰማያዊ ጥልፉን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። የቢጃር ምሰሶ ባዶ ነበር። ዲልሙራድ ከረጢቱን ገለበጠ፣ ካባውን አራገፈ፣ ቢጃርን አየው። ቢጃር ጓንት ያጠለቀ እጁን አንስቶ ለሕዝቡ «ፎጣ የለኝም» አለ፤ «የኔ ፎጣ ቤት ነው።» ሜዳው ተናወጠ። ፎጣ ሳይሰቅል የገባ ቡጢኛ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ጣቶች ወደ ላይ ተነሱ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ድምፅ በድምፅ ላይ። ዋጃ ካሪምዳድ ከወንበሩ ተነሳ። ከሰዎቹ አንዱ ወደ ዲልሙራድ ሄደና ሁሉ እያየ በጥፊ መታው። ዲልሙራድ ጉንጩን አልያዘም። ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያየ መጥቶ ናዝቦ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የመጀመሪያውን ዙር ቢጃር በእግሩ አሳለፈው። ይዞራል፣ ይነካል፣ ይሸሻል፤ ቀኙ ሁለት ጊዜ የሻህዳድን ቅንድብ አገኘና ቆዳው ተከፈተ፣ ሴቶቹም ዘለሉ። ሁለተኛው ላይ ሻህዳድ ፊቱን መፈለግ ተወ። ራሱን ዝቅ አድርጎ እየገባ የሚመታው ቢጫውን ብቻ ነበር። ድምፁ ከሌላው ቡጢ ይለያል፤ እርጥብ ጆንያ በዱላ እንደመምታት ነው። አንዱን ከክርኑ ሥር ሲያሾልክበት ቢጃር አፉን ከፈተና የጥርስ መከላከያው ወደቀ፤ ሳይጎነብስ፣ ሳይሸሽ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሁለት ሦስት ፊቱ ላይ አረፈበት። ደወሉ ሲደወል ወደ ሌላው ሰው ጥግ ሊሄድ ነበር፤ ዳኛው ትከሻውን ይዞ መለሰው። ዲልሙራድ ውሃ ሲያፈስበት የሚናገረው ነገር ነበር፤ ቢጃር ግን ፊቱን አዙሮ በጥጉ ላይ ደም ተፋ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር የዋጃ ሰዎች ከደረጃው ወርደው ከግንቡ ሥር እስከ ቢጃር ጥግ ድረስ ያለውን ሕዝብ በክርናቸው ወደ ግራና ቀኝ ገፉት። ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ ዲልሙራድ ጥጉን ትቶ መጣ። ከጣሪያው ሥር ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ግራው እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል።

«ጣዪው» አለ።

ከጀርባው ቢጃር ገመዱ ላይ ነበር። ሻህዳድ በግራ እጁ አንገቱን ይዞ በቀኙ ያንኑ ቦታ ይደበድበዋል፣ አሥር ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ፤ ቢጫው ቀልቶ፣ ከቀዩ ወደ ጥቁር ሄዷል። ቢጃር ክርኑን ዝቅ ሲያደርግ ፊቱን መታው፣ ወደ ፊቱ ሲያነሳ ጎኑን። አንድ ዓይኑ ተዘግቷል።

«ናዝቦ፣ ጣዪው። እባክሽ።»

ናዝቦ የተከፈተውን መንገድ አየች። ዋጃ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ መቁጠሪያውን ይዟል። ሦስት ጣት ያነሳ አንድም ተራ ሰው አልነበረም፣ ሦስተኛን የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው። መንገዱን ያስጠረጉት ለዚህ ነው፤ በገዛ ጥልፌ፣ በገዛ እጄ። ሻሿን ሆዷ ላይ አጠበቀችው። «አስይዘሃል» አለች፤ ጮክ ብላ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አይዋት። ዲልሙራድ እጆቹን እንደዘረጋ ቆሟል። ከመሐላዋ ጀምሮ ልቧ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ነገር ነበር፤ ሦስተኛው ይለፍ፣ ደወሉ ይደወል፣ እሱ ይክሰር፣ ከዚያ እጥለዋለሁ። ስንት ሰከንድ እንደቀረው አታውቅም። ቢጃር በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ ዳኛው እስከ ሰባት ቆጠረ፤ ተነሳ። ለምን ተነሳህ፣ አለች። ሻህዳድ ጆሮው ላይ መታው። ለሁለተኛ ጊዜ ጆሮው ላይ መታው። ቢጃር እጆቹን ሁለቱንም አወረዳቸው፤ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ ቆመ፤ ሻህዳድም ለአንድ አፍታ ዳኛውን አየና ዳኛው ምንም ስላላለው እንደገና መታው። እማማ ሃዋ «አንቺ ልጅ፣ ያ የያዝሽው ምንድን ነው?» አለቻት።

ደወሉ ተደወለ።

ያን ጊዜ ጣለችው። ፎጣው ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ወረደና ዲልሙራድ እጅ ላይ አረፈ። ዞሮ ሊሮጥ ሲል ግን መንገዱ የለም። ሦስተኛው ስላለፈ የዋጃ ሰዎች ትተውት ሄደዋል፤ የተገፋው ሕዝብ ተመልሶ ተገጣጥሟል። አምስተኛ፣ ስድስተኛ ያስያዙት ሁሉ ፎጣውን አይተውታል። አንዱ ልብሱን ያዘው፣ አንዱ በጉልበቱ ሆዱን መታው፣ አንዱ የተሸከመውን ጨርቅ ሊነጥቀው በጥርሱ እጁን ነከሰው። ዲልሙራድ ፎጣውን ደረቱ ውስጥ ከቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ድሮው በትከሻው እየገፋ ይሄዳል። አራተኛው ዙር ተጀምሯል። ቢጃርን ከወንበሩ ያስነሳው ሰው አልነበረም፤ ራሱ ተነስቶ፣ በራሱ እግር ወደ መሃል ሄዶ፣ ጓንቱን አነሳ።

ናዝቦ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ከወንዶቹ መሃል ስትገባ መድረኩ አይታያትም፤ የምትሰማው የእርጥብ ጆንያውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያም አንድ ሌላ ድምፅ፣ ሳንቃ ላይ የወደቀ ከባድ ነገር፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ጮኸ፤ አራት ጣቶች አየር ላይ ነበሩ። ፎጣው ከሰው ጭንቅላት በላይ ሲበር ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጃር አጠገብ አረፈ። ዳኛው ጥልፉን አገላብጦ አየና «የራሳቸው ነው» አለ።

ወደ ሆስፒታል በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ የቢጃርን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች። ከግራ ጆሮው ደም፣ ከደሙ ጋር ውሃ የመሰለ ነገር ይወርዳል፤ ፎጣውን አጥፋ ይዛበታለች። ዲልሙራድ ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ተቀዶ፣ የተነከሰው እጁ አብጦ። ከሜዳው ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ በገበያው በኩል ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሰው ሎሚና ቃሪያ ይገዛል። ሾፌሩ ለሁለት መቶ ሃምሳ ተስማምቶ፣ ደሙን ሲያይ ወንበር ማጠቢያ ብሎ ሦስት መቶ አድርጎታል።

«ስንት አስይዘህ ነበር?» አለች።

ዲልሙራድ ቃላቱን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት። «ልጁ ከግጥሚያው አልቀርም አለ። ጎኑ እንደማይችል አውቃለሁ። ዋጃ ሳይፈቅድ ፎጣ የወረወረ ሰው ከዚያ ሜዳ በእግሩ አይወጣም፤ ያንን አጎትየውን አላየሽውም? ዋጃን ሁለተኛው ላይ ልወርውር አልኩት፣ እንቢ አለ። ሦስተኛ አለ።»

«ገንዘቡስ?»

«ገንዘቡንም እቀበል ነበር» አለ። «ለምን እዋሻለሁ።»

ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ዘለለ፤ ናዝቦ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘች። ዲልሙራድ የግራ አንጓውን በቀኝ እጁ ጨብጦ መንገዱን ያይ ነበር።

«እኔ ስምንተኛውን ዙር አላስታውሰውም» አለ ቆይቶ። «ነገሩኝ እንጂ።»

ቢጃር አንዱን ዓይኑን ከፈተ። ያላያትን ይመስላል፤ ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ። «እትዬ፣ ፎጣው የት አለ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እንዳትለቂው።»

«አልለቅም» አለችና ጆሮው ላይ ጫን አደረገችው። ቀዩ ጥልፍ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሆነ አሁን አይለይም። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ከአህያ ጋሪዎች ጀርባ ቆመ። ቢጃር ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ከዚያ እንደገና፣ እንደ ዲልሙራድ እየጎተተ፣ «ስንተኛው ዙር ነው?» አላት።

ናዝቦ ቀና ብላ ዲልሙራድን አየችው። እሱም አያት።

«ሦስተኛው» አለችው። «ገና ሦስተኛው ነው።»